ዳኑብን ያልበላው አይጥ

ተሰማዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። «ሴት ፊደል ብትቆጥር ለማን ልትጽፍ ነው?» ትል ነበር። ይኸው፣ ላንተ።

ኮልፌ እንደምታውቃት ናት። ጣልያን የተከልኸውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ መንገድ አወጣበት። እኔም እርግማኔን ከሥር ከሥሩ እልክለታለሁ።

አሁን ወደ አደራህ ልምጣ። ልትሞት ስትል ለልጃችን ለጽጌ እቅድ አወጣህላት። ጣልያን ትምህርት ቤቷን ቢዘጋም አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የሚላኩት በፈተና ይመረጣሉ፤ ፈተናው ሳትዘጋጅ እንዳይደርስባት አልህ። የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ሰጥተኸኝ፣ በቀን አሥር ገጽ ማንበቧን አንቺ ጠብቂ አልኸኝ። ማንበብ የማይችል ዘበኛ ሾምህ። ድሮም ሥራህ እንዲህ ነበር።

ጠበቅሁ። ፍተሻ ሲመጣ ወታደር እንዳያገኘው መጽሐፉን ገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት። ጽጌ በየጠዋቱ አውጥታ ጓዳ ሆና ታነባለች፤ እኔ በር ላይ ጥጥ እየፈተልሁ አዳምጣለሁ። ዳኑብ የሚባል ወንዝ ከጀርመን ተነሥቶ ጥቁር ባሕር እስኪገባ ታነበንባለች። ደስ አለኝ። በወሩም ዳኑብ ነው። በሦስተኛው ወርም ዳኑብ። ዓባይ ቢሆን እስካሁን ስንቴ ግብፅ ደርሶ ነበር።

አታለለችኝ ብዬ ተቃጠልሁ። በዚህ እርጅናዬ የኔታ ዘንድ ሄጄ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ አልሁ። ቁጭ ብድግ ስል ጉልበቴ በጮኸ ቁጥር ይስቁብኛል። ማንበብ የቻልሁ ዕለት ጓዳ ገብቼ መጽሐፉን ነጠቅኋት። ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ሁለት ቅጠል ብቻ።

«እማዬ፣ የቀረውን ጎታው ውስጥ አይጥ በላው» አለችኝ። «የአባዬን አደራ አጠፋሁ ብለሽ እንዳታለቅሺ ነው ያልነገርኩሽ።»

ልመታት ያነሣሁት እጅ አንገቷ ላይ አረፈ።

አሁን ከቀድሞ መምህሯ አንድ መጽሐፍ ተውሰናል። እኔ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፌ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ እሷ ታነባለች፤ ሌላ ወንዝ ተሻግረናል። ፈተናው መቼ እንደሆነ አናውቅም፤ ጣልያን መሄጃውን አልነገረንም።

ዳኑብን ግን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእንግዲህ የምሳሳለትን ነገር ጎታ ውስጥ አልደብቅም። አንተንም የያዝሁህ በቃሌ ነው፤ አይጥ አይደርስብህም።

ዘበኛህ
በላይነሽ