ያልተፋሁት ወይን

ለተወደድከው ወንድሜ ለወንዳወቅ፤

ሰክራ በሰው ሸክም ወጣች የተባለው ሐሰት ነው። የወጣሁት በእግሬ ነው፤ ልጄ ትዝታ በቀኝ፣ ባሏ ደጀን በግራ ይዘውኝ ነበር። ይህን ሳላቃና ሰላምታዬ አይጥምህም ብዬ ነው ያስቀደምኩት። አሁን ደህና ነህ ወይ? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ መቅደላስ ዓይኗን ታከመች? መርሳ ክረምቱ እንዴት ወጣ፣ ማንጎዬ ዘንድሮ አበበ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ትዝታ አጠገቤ ሆና ስለምትሰማ ነው። እዚህ ኬፕታውን ባልና ሚስቱ ማለዳ ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ የብረቱን በር ቆልፈውብኝ ነው። ክፋት አይደለም፤ ሌባ ፈርተው ነው። ግን አጥሩ ላይ የመብራት ሽቦ አለ፣ መስኮቱም ብረት ነው፣ የጎረቤቴን መልክ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወልድያ በተማርኩበት ዘመን፣ ያ ሁሉ የትምህርት ቤት ጥብቅነት እያለ፣ ደወል ሲደወል በሩ ይከፈትልን ነበር።

አንድ እሑድ አዝነውልኝ ወይን ወደሚጠመቅበት እርሻ ወሰዱኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው። በየብርጭቆው ጥቂት ጥቂት ቀዳልንና አጠገባችን ባልዲ አኖረ። ሰዉ ሁሉ ጎንጨት ይላል፣ ጉንጩ ውስጥ ያንከባልላል፣ ባልዲው ውስጥ ይተፋል። ትዝታ መትፋት ወጉ ነው አለችኝ። ሰው በእጁ ቀድቶ የሰጠኝን ፊቱ ልትፋ? አንተስ ታደርገዋለህ? ሁሉንም ዋጥኩት። ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሲደግፉኝ የደጀን ዘመድ ፎቶ አነሳና መርሳ ድረስ ላከው። ነገሩ ይኸው ነው።

ያልተወራው ግን ይበልጣል። የመጨረሻው ቀይ ወይን ልጆች ሳለን ግራና በሚባለው አገር ቁልቁለት ላይ እየለቀምን አፋችንን ያጠቆርንበትን አጋም መሰለኝ፤ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ እንደ ጌሾ ቅጠል ምላስ ይይዛል። ዘመኔን ሁሉ የማኅበር ጠላ እየቀመስኩ የዚህ ጌሾው በዝቷል፣ የዚያ አሻሮው አርሯል ስል የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ገና አሁን አወቅሁ። ወደድኩት፣ ወንድሜ። አላፍርበትም። ትዝታ አጋም መሰለኝ ያልኩትን ስትተረጉምለት ሽማግሌው ሳቀና ከዚያው ወይን አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ የትም አልወጣሁም። ትዝታ ጠርሙሱንም ፓስፖርቴንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። አገሬ ስደጂኝ ስላት፣ «እማዬ፣ ወሬው ሳይበርድ በምን ፊትሽ መርሳ ትገቢያለሽ?» ትለኛለች። እንግዲህ ከብረቱ ይልቅ ያሰረኝ ወሬው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በማርያም ማኅበር ቀን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው፤ ወደድኩት ያልኩትንም እንዳትዘልል። ከዚያ ለትዝታ ደውልና ወሬው ተቃንቷል፣ እናትሽን ላኪያት በላት። የአጎቷን ቃል ትሰማለች።

መቅደላን ሳምልኝ። ልጅህ ናሆም ትምህርቱን እንዳይተው፣ እህቱ መስከረምም ጽሕፈቷን ታሳምር። ጎረቤቴን ፈይሩዝን አሰላሙ ዓለይኩም በልልኝ፤ ጠርሙስ በደጇ ባያልፍ የምትመርጥ ሴት ሆና ሳለ፣ ወሬውን ያላመነች እሷ ብቻ እንደሆነች ሰምቻለሁ።

ነገ መጀመሪያ፣ በሩ ሳይከፈት ነጠላዬን ለብሼ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። ወደ አገር የሚመለሰው የመርሳው ነጋዴ ዓሪፍ ሲመጣ ይህን በገዛ እጄ እሰጠዋለሁ። ቀጥሎ ትዝታን ፓስፖርቴን እጠይቃታለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን። ፓስፖርቱን ብትከለክለኝ ጠርሙሱን ከፍቼ ለእሷም እቀዳላታለሁ፤ እናቷ የቀዳችላትን ፊቷ ትተፋ እንደሆነ አያለሁ።

እህትህ ሸጊቱ
ኬፕታውን፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.