የተቆረጠው ፊርማ፦ የአቶ ዌንደል ክላፕሳድል የሕይወት ታሪክ

አቶ ዌንደል ክላፕሳድል ከአባታቸው ከአቶ ኤልተን ክላፕሳድልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርና ዶክስታደር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1938 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሞሆክ ወንዝ ዳር በሊትል ፎልስ ከተማ ተወለዱ። ወይዘሮ ቨርና ምጡ የያዛቸው እሑድ፣ ስብከት መሐል ነበር። ሕፃኑ ዌንደል ቡራኬው እስኪደርስ መታገሥ አቃታቸው። ይህ ጠባይ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በትውልድ ከተማቸው ተከታተሉ። አንዲት መምህርት በውጤት ካርዳቸው ላይ «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ወንበሩ ግን አያውቀውም» ብለው ጽፈውባቸዋል። ከዚያም በግብርና ኮሌጅ የወተት ሙያ ተምረው በ1959 የወተት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም ከእርሻ እርሻ ሲዞሩ ኖሩ። ገበሬው ወተቱን ሊያሳያቸው ሲጠብቅ የእሳቸው ዓይን ጣሪያ ሥር ወደተከማቸው የአያት ቅድመ አያት ሣጥን ነበር የሚሄደው። የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያታቸው፣ ባቡር በማይደርስበት ሁሉ የሰው ገንዘብና ዕቃ በፈረስ ጋሪ ያደርስ ለነበረው ለሞሆክ ሸለቆ ኤክስፕረስ ኩባንያ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ኩባንያው በ1854 ለታማኝነታቸው አንድ አክሲዮን ሰጣቸው። ሰርተፍኬቱ ከላይ የሚጋልቡ ፈረሶች ሥዕል፣ ከታች የፕሬዚዳንቱ የሃይረም ስታንብሪጅ ፊርማ ነበረው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ወረቀቱ ግን በወይዘሮ ቨርና መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጣጥፎ ኖረ። በ1961 ሲያርፉም ለሴት ልጃቸው ለአርዲስ ተናዘዙላት።

በዚያ ዘመን የድሮ ሰዎችን ፊርማ እንደ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ፊርማውን በምላጭ ቆርጠው ካርድ ላይ ይለጥፉታል፤ የተረፈውን ወረቀት ይጥሉታል። በ1962 ጸደይ፣ አዲስ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ዌንደል እህታቸው ሥራ በሄዱበት ቤታቸው ገብተው የስታንብሪጅን ፊርማ ቆረጡት። እጃቸው ስላልረጋ ምላጩ አዳልጧቸው የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ ወረቀቱ ላይ ቀረች። ፊርማውንም ለአንድ የሮቸስተር ሰብሳቢ ሰጥተው በለውጡ የሌሎች ሦስት ሰዎች ፊርማ ተቀበሉ። የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ።

አርዲስ ሲጠይቋቸው «ወረቀትሽን መች ነካሁብሽ? ፊርማውን ብቻ ነው የወሰድኩት!» አሉ።

«አንገቱን ቆርጠህ፣ እግሩን መች ነካሁት ትላለህ?» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ያ በር ስልሳ አንድ ዓመት አልተከፈተም።

ወይዘሮ አርዲስ ወረቀቱን ከነቀዳዳው በመስታወት ክፈፍ አስገብተው ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ሰቀሉት። እንግዳ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ «ወንድሜ በምላጭ የከፈተው መስኮት ነው» ይላሉ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ሮወና ያደገችው በዚያ መስኮት ሥር ነው።

አቶ ዌንደል ሳይውሉ ሳያድሩ ተጸጸቱ። ፊርማው ግን ከሮቸስተሩ ሰው እጅ ወጥቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ እግራቸው አንድ ቦታ አልረጋም፤ ጭራ የሌለው የስታንብሪጅ ፊርማ ፍለጋ ያልዞሩበት የአሮጌ ወረቀት ገበያ አልነበረም። በ1966 የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን ተጫዋች ወይዘሮ ኮርኔሊያ ቫን አልስታይንን አገቡ። በጫጉላ ሽርሽራቸው ወደ ናያግራ ሲሄዱ ቡፋሎ ላይ «አንድ አፍታ ብቻ» ብለው ወደ አሮጌ ወረቀት ገበያ ወረዱ። ወይዘሮ ኮርኔሊያ ነፍሳቸውን ይማርና «ሰው ፏፏቴ አይቶ ይመለሳል፤ እኔ የካርቶን ሥር አይቼ ተመለስኩ» እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2004 ድረስ ይቀልዱባቸው ነበር። አንዲት ልጅ ግሬታን ወልደዋል።

ፍለጋው ሳያስቡት ሊቅ አደረጋቸው። ከሁለት መቶ በላይ የድሮ ኤክስፕረስ ኩባንያዎች ሰርተፍኬት ሰበሰቡ፤ አንዱንም አልቆረጡም። ፕሬዚዳንቱ ራሱ የፈረመውን፣ ጸሐፊው በስሙ ከፈረመለት ገና ከቀለሙ አጣጣል ይለዩ ነበር። ወንበር ሲቀርብላቸው «አልቆይም» ይሉና አራት ሰዓት ይቆማሉ።

በ2009 መኸር ሲራኪዩዝ ላይ፣ ከአንድ ሟች ሰብሳቢ አልበም ውስጥ አገኙት። የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ የላትም። አብራቸው የነበረችው ግሬታ እንደምትለው መጀመሪያ ሣቁ፤ ቀጥለው ማጉያ መነጽራቸውን አወጡና መስመር በመስመር መረመሩት። ራሳቸው የቆረጡት ነው፤ ግን ከመጀመሪያውም የስታንብሪጅ እጅ አልነበረም። ጸሐፊው ነበር የፈረመለት። እንዲህ ያለውን ሰብሳቢ ዘወር ብሎ አያየውም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ለእህቱ ሮጦ ባደረሰላት። አጎታችን ግን ሰብሳቢ ነበሩ። «ፕሬዚዳንት ወስጄባት ጸሐፊ ልመልስላት?» አሉ። ካርዱን ኪሳቸው ከተው እውነተኛውን የስታንብሪጅ ፊርማ ፍለጋ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ዞሩ። በየሳምንቱ በእህታቸው ቤት በኩል በመኪና ያልፋሉ፤ አይቆሙም። ወይዘሮ አርዲስ በወጥ ቤታቸው መስኮት እያዩ «ያ መኪና ዛሬም ዞረ። ነዳጅ ከሰማይ ይወርድለታል መሰለኝ» ይሉ ነበር። መጋረጃውን ግን አንድም ቀን አልዘጉም። እነዚያ አሥራ አራት ዓመታት ዛሬም ያንገበግቡናል።

በ2023 ሴፕቴምበር መግቢያ አቶ ዌንደል በልብ ድካም ሆስፒታል ገቡ። ግሬታ ማንንም ሳታማክር ለአክስቷ ደወለች። ወይዘሮ አርዲስ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ወንድማቸው ካርዱን አውጥተው ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ቀለሙ፣ እውነተኛውን ስላለማግኘታቸው ማስረዳት ጀመሩ።

«ዌንዲ፣ ማን ፈረመው ብዬ ጠየቅሁህ?» አሏቸው። «ያኔ እኮ ስጪኝ ብትለኝ እሰጥህ ነበር። እስካሁንም ያንን ነው የምጠብቀው።»

አቶ ዌንደል ካርዱን አስቀምጠው «አርዲስ፣ ትሰጪኛለሽ?» አሉ።

«ውሰደው፣ አንተ ሞኝ!»

በማግስቱ ክፈፉን ከግድግዳው አውርደው አመጡላቸው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አወሩ። ነርሶቹ ዝም በሉ ቢሏቸው አልሰሙም፤ የሁለቱንም ሣቅ በአንድ ላይ ስንሰማ ይህ የመጀመሪያችን ነበር። አቶ ዌንደል ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ እጃቸው በእህታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ሰርተፍኬቱና ቁራጩ ሳይጣበቁ ደረታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አብረዋቸው ይቀበራሉ። እዚህ የተገኛችሁ ሰብሳቢ ወዳጆቻቸው፣ አታጉረምርሙ። አስፈለገኝ የሚል ካለ ወይዘሮ አርዲስ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ይጠይቃቸው።

አቶ ዌንደል ልጃቸውን ግሬታን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ የእህታቸውን ልጅ ሮወናን፣ እንዲሁም አሥራ አንዱ ቀን ያልበቃቸውን እህታቸውን ወይዘሮ አርዲስን ትተውልን ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ዕረፍት ያሳርፍልን። ማረፍ የማያውቁ ሰው ናቸውና፣ ቀስ አድርጎ ያለማምድልን። አሜን።