የሀይሉን መኪና ያልገዛሁበት ምክንያት

ለወንድሜ ለሙላቱ፣ ጁባ

እንደምን ከርመሃል? ወባው ለቀቀህ ወይ? ባለፈው በስልክ ድምፅህ ደክሞ ከሰማሁት ወዲህ ሐሳቤ አንተው ጋ ነው። ባለቤትህ ሊያስ እንዴት ናት? ትንሿ ናርዶስ ጥርስ አወጣች? ያፈሳል ያልከኝ ጣራስ ተጠገነ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬም አለች፤ ሰሞኑን ፊቷ ወዝ አግኝቷል።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ ብነግርህ ሳልጨርስ ትቆጣለህ፣ እኔም መልሼ እቆጣለሁ፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ጎረቤታችን ኡበይደላ ለንግዱ ወደ ጁባ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ነገሩ ይህ ነው፤ የጓደኛህን የሀይሉን መኪና አልገዛሁም። ለምን እንዳልገዛሁ፣ እኔም ምን እንዳጠፋሁ፣ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

መኪና ለምን እንዳስፈለገን ታውቃለህ። እማዬ ለኩላሊቷ ሕክምና በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና አርብ፣ ወልድያ መድረስ አለባት። በመስከረም የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ስንደርስ ተራዋ አልፎ ነበር። በዚያው ቀን እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ስላለ በመቀስ ቀደድኩት። ያን ጊዜ ነው ደውዬ ያለቀስኩብህ፣ አንተም የልፋትህን የላክህልኝ። «ሌላ ቦታ አትሂጂ፤ እዚያው መርሳ ሀይሉ የሚሸጣት ኮሮላ አለችው። ሀይሉ ማለት እኔ ማለት ነኝ» አልከኝ።

እኔም መካኒኩን ካሳዬን ይዤ በኅዳር ወር፣ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ሀይሉ ቤት ሄድኩ። መኪናዋ ነጭ፣ ታጥባ የምታበራ ናት፤ ሙሽራ የምታጅብ እንጂ በሽተኛ የምታመላልስ አትመስልም። ሚስቱ ሶስና ግን ከመኪናዋ በፊት ማዕድ አቅርባ ነበር የጠበቀችን። እኔ በሱቁ ሥራ የተነሳ የምጾመው እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ቁጭ አልኩ። የተልባ ፍትፍት አጎረሰችኝ፣ አንድ ያጣላል ብላ ደገመችኝ፤ ሀይሉም ስላንተ የልጅነት ተንኮል እያነሳ አሳቀኝ። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ ያዘኝ። ካጎረሰኝ ሰው ፊት ተነስቼ ኮፈኑን ክፈት፣ ከሥሯ ልይ ማለት ሌባ ነህ የማለት ያህል ከበደኝ። እንዲያውም ካሳዬን ተወው፣ ሀይሉ ካለ አለ ነው ልለው ምንም አልቀረኝ።

ካሳዬ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው። ማዕድ አጠገብ መቀመጥ ፈተና ነው ብሎ ግቢ ቀርቶ ነበር። የሰው እህል አልቀመሰ፣ ማንንም አላፈረ፣ ማዳበሪያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሲጠራኝ ወጣሁ። መኪናዋ መሐል ለመሐል ተቆርጣ የተበየደች ናት፤ የፊቷ ግማሽ የአንድ መኪና፣ የኋላዋ የሌላ፣ ብየዳው ላይ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆበታል። «ጉድጓድ ስትመታ አንድ ቀን ለሁለት ትከፈላለች» አለኝ።

ወንድም ዓለም፣ አፌን ታውቀው የለ? በሚስቱና በጎረቤቶቹ ፊት «አብልተህ ልትቀብረን ነው ወይ? ለእናቴ የሬሳ ሣጥን ነው ያዘጋጀህላት?» አልኩት። ሀይሉ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ከአንድ ሰውዬ እንደገዛት፣ ያን ቀን እሱም ሰውዬው ቤት ምሳ በልቶ ከሥር ለማየት ይሉኝታ እንደያዘው፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም እንደማያውቅ ነገረኝ። አላመንኩትም። ደህና ሁኑ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ ካሳዬ አንድ ነገር አጫወተኝ። ከሐራ ገዢ መጥቶ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ፣ ሀይሉ ራሱ ማዳበሪያ አንጥፎ ሰውዬውን «ከሥር ግባና እያት» አለው፤ ሰውዬውም አይቶ ሄደ። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን በምን ፊቴ ልሂድ?

በኋላ ጡረታ የወጡት መምህር ዮሴፍ አሮጌ ኮሮላቸውን እንደሚሸጡ ሰማሁ። ግራ ጎኗ ገባ ገባ ያለ፣ ቀለሟን ፀሐይ የበላው ናት። ካሳዬ ከማታ ጀምሮ እንዳትነሳ አስጠንቅቆ፣ ማልደን ሄደን ሞተሯ በረድ እንዳለ አስነሳት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳች፣ አላጨሰችም። በአስፋልትና በኮረኮንች ነድቶ ፍሬኗን ፈተነው። ሊብሬው በራሳቸው ስም ነው፣ መለዋወጫዋም እዚሁ መርሳ ይገኛል። ገዛኋት፤ ከላክህልኝም ተርፏል። እማዬ ዙሪያዋን ዞራ አይታ «ከኔ ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ውስጧ ደህና ነው» አለች። ሁላችን ሳቅን፤ እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

መንጃ ፈቃዴን ገና ስላላወጣሁ ሹፌር ተዋውዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ማክሰኞ ሳይመጣ ቀረ። ሰዓቱ ሄደ፣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ከካሳዬ ሰምቶ ኖሮ ሀይሉ መጣ። እኔን ቀና ብሎ ሳያይ «እማማን ላድርሳቸው?» አለ። በእኛው መኪና እንደ እንቁላል አድርጎ ወሰዳት፤ በሰዓቷ ደረሰች። እሷ ስትገባ ውጭ ቆመን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ስድብሽ ይሻለኛል። ገዝተሻት እማማ መንገድ ላይ ቢቀሩ ኖሮ በምን ዓይኔ ሰው አይ ነበር» አለኝ። እንደዚያ ሲል ሚስቱ ፊት ያዋረድኩት ነገር እንደ አዲስ አንገበገበኝ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና አርብ የሚያመላልሳት እሱ ነው፤ ነዳጁን እኛ እንሞላለን፣ የድካሙን ግን አልቀበልም ብሏል። እማዬ ስለ ጠቡ የምታውቀው የለም። ስትመርቀው አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል። ከመንገድ በተመለስን ቁጥር «ሙላቱ ሰማ? ምን አለ?» ይለኝ ነበር። አልነገርኩትም እለዋለሁ። ትናንት አርብ ግን አልጠየቀኝም። ሰምተህ የዘጋኸው መስሎታል።

እማዬ ሦስታችሁንም በያላችሁበት ትመርቃለች። ለሊያ በርበሬና ሽሮ ልካለች፣ ናርዶስን ግንባሯን ሳምልኝ ትላለች። ካሳዬ እጅ ነስቷል። ሶስናም ሰላም በይልኝ ብላለች። ከሀይሉ ሰላምታ አልያዝኩልህም፤ ምን ልበልልህ ብለው እሱ አልደፈረም። ይህ ወረቀት ሲደርስህ እኔን ተወኝና ለእሱ ደውልለት።

እህትህ አሰለፈች

መርሳ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.