የአያትህ ምላጭ

ሆሳዕና፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወንዳፈረው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔም፣ እናትህ እማዬም፣ ልጅህም። አንተም ደህና እንደሆንክ ከአንተ ዘንድ የመጣው ናስረዲን ነግሮኛል፤ ወፍረሃል አሉ። ወረቀት ላይ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ስናወራ እማዬ ከጎኔ ተቀምጠው "ምን አለ? ምን አለ?" ይሉኛል፤ አንተ ደግሞ ወሬው ቁም ነገር መያዝ ሲጀምር "ደንበኛ መጣ" ትልና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን ደንበኛ ቢመጣም አይዘጋም። ናስረዲን የእህቱን ሰርግ ጨርሶ ከነገ ወዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመለሳል፤ በእሱ እጅ እሰድልሃለሁ።

እዚህ ዝናቡ ጳጉሜን ገብቶም አልተወንም። በራችን ላይ ያለውን ጭቃ ታውቀዋለህ፤ ባጃጅ እየገፋን መዋል ሆኗል። ሥራ ግን አለ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የስፌት መኪናዬ የምታውቀው የደንብ ልብስ ብቻ ነው። ዘንድሮ ከሰፋሁት ሁሉ ትንሹ የራሳችን ልጅ ሱሪ ነው። አዎ፣ ዘርአብሩክ ኬጂ ሊገባ ነው። ስለካው "እማ፣ ኪስ አድርጊልኝ፤ በሁለቱም በኩል" አለኝ። ምን ልትከትበት ነው ስለው "እጄን" አለኝ። አንተም ስትቆም እጅህ ከኪስህ አይወጣም ነበር። ሳያይህ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ስትሄድ አንገቱን እንኳን አልቻለም ነበር። ጥርስ ሲያወጣ፣ ዳዴ ሲል፣ "እማ" ሲል ሁሉንም ነግሬሃለሁ፤ አንተም በስልክ "ጎበዝ!" ብለሃል። መጀመሪያ የሄደ ቀንም "ሄደ" አልኩህ፤ ወደ ማን እንደሄደ ግን አልጠየቅከኝም። ዛሬ ልንገርህ። ከጊምቢቹ የመጣ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ቆሞ ነበር። ልጅህ የስፌት መኪናዬን እግር ይዞ ሲያየው ቆየና ለቀቀ፤ ድክ ድክ እያለ ሄዶ የማያውቀውን ሰውዬ ጉልበት አቀፈ። ሰውዬው አንስቶ ሳመው፤ "እደግ፣ እደግ" ብሎ መረቀው። እኔ መርፌውን በከንፈሬ እንደያዝኩ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ፀጉሩ ልምጣ። በእናንተ ቤት የወንድ ልጅን የመጀመሪያ ፀጉር ከአባቱ እጅ በቀር ሌላ እጅ አይነካውም። እኔ የሞርሲቶ ባለሱቅ ልጅ ይህን ልማድ አላውቅም ነበር፤ እኛ ቤት ጊዜ ያገኘ ሰው ልጁን ይላጫል። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አያትህ ከሰሜን ሲመጡ ይዘውት የመጡትን፣ እጀታው ቀንድ የሆነውን ምላጭ አሳየኸኝ። አያትህ አባትህን፣ አባትህ አንተን በእሱ እንደላጩ ነገርከኝ። ልትሄድ ስትነሳ እማዬ "ምላጩስ ቤት ይቀመጥ" ቢሉህ "የለም፣ ይዤው ልሂድ። እሱ እኔ ጋ ካለ ሳልመለስ አልቀርም፤ ልጄን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም" አልክ። በካልሲ ጠቅልለህ ሻንጣህ ውስጥ ስትከተው ቆሜ አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከማልክልኝ መሐላ ሁሉ ያመንኩት ያንን ካልሲ ነው።

"ለመስቀል እመጣለሁ" አልክ፤ መስቀል አለፈ። "ለፋሲካ" አልክ፤ እሱም አለፈ። ፀጉር ቀጠሮ አይጠብቅም፣ አደገ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ሹሩባ ሠራሁለት። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ "የስለት ልጅ ነው?" ይሉኛል፤ "አዎ፣ የአባቱ ስለት ነው" እላለሁ። ባጃጅ ውስጥ "እንዴት ታምራለች!" ይሉኛል። የሰፈር ልጆች "ሚሚ" ብለው ስም አወጡለት። አንድ ቀን እያለቀሰ ገብቶ "እማ፣ እኔ ወንድ ነኝ አይደል?" አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ አበራ በበሩ ባለፍን ቁጥር ማሽኑን እያሳየ "ኧረ ትርፌ፣ ይሄን ልጅ ነፃ አውጪው" ይለኛል። "ባለቤቱ ይመጣል" ስለው "ባለቤቱ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?" አለኝ። እዚያው ሳቅኩ፤ ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ።

ለምዝገባ ስወስደው መምህርቷ፣ ጵርስቅላ ትባላለች፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "እናቱ፣ ልጁ በጣም ደስ ይላል። ግን ወንዶቹ ተቆርጠው ነው የሚመጡት፤ ደንቡ ነው። እንዳይስቁበት ለእሱም ነው" አለችኝ። አባቱ እስኪመጣ ታገሱን አልኳት። "መቼ ነው የሚመጡት?" አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ፤ እኔ ግን የልጁን ኮሌታ ማስተካከል ጀመርኩ።

ናስረዲን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ለእማዬ የላክኸውን ሻል፣ ለዘርአብሩክ የላክኸውን ጫማ አደረሰልን። ጫማው አልገባለትም፤ በጣም ትንሽ ነው። ልጁ "አባቴን አሳየኝ" ብሎ አስቸገረው። ናስረዲንም ሎኬሽን በምትሉት የጥቁሮች ሰፈር ያለው ሱቅህ በር ላይ ቆመህ የተነሳኸውን ፎቶ ከፍቶ ስልኩን ሰጠው። የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ አንድ ፎቶ ይበቃዋል? በጣቱ ገፋ፣ ገፋ አደረገ። ናስረዲን ሻዩን አስቀምጦ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ እኔም አየሁ።

ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። ጭንህ ላይ ሕፃን አለ፤ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና ሳሙና ነው። አንዲት ሴት ፎጣ ይዛ ትስቃለች፤ አንድ እጇ ትከሻህ ላይ ነው። በእጅህ የያዝከውን አውቀዋለሁ። እጀታው ቀንድ ነው።

ናስረዲን "ትርፌ፣ ወላሂ እኔ..." ብሎ አንገቱን ደፋ። የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። በዚያ ምላጭ የሚላጨው የማን ልጅ እንደሆነ ከአንተው ከራስህ ተምሬ የለ? ጫማው ለምን እንዳነሰም ያኔ ገባኝ። በየቀኑ የምታየው የልጅ እግር ትንሽ ነው።

ዘርአብሩክ ግን ደስ አለው። "እማ! አባባ እዚያ ፀጉር ቆራጭ ነው እንዴ?" አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ "ታዲያ የእኔን ለምን አይቆርጥልኝም?" አለኝ። እማዬ ጥግ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ለቅመው የጨረሱትን ምስር ግን ሰፌዱ ላይ መልሰው እንደ አዲስ ይለቅሙት ጀመር።

ተቃጥያለሁ፣ ወንዳፈረው። ጨዋ መስዬ አልሸፋፍንብህም። በሴቲቱ አይደለም የተቃጠልኩት፤ እሷ እኔ መኖሬን ታውቅ አታውቅ ምን አውቄ። ሰው አገር ብቸኝነት ከባድ ነው፣ እሺ ይሁን ልበል። ግን ምላጩን! ከሱቅህ መደርደሪያ ላይ ተራ ምላጭ ጠፍቶ ነው? ልጄ ሚሚ እየተባለ የጠበቀው እኮ እሱን ነው። ልማዱን ረስተኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልረሳኸውም፤ እኛን ነው የረሳኸው።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥቼ አስቀመጥኩትና የስፌት መቀሴን አነሳሁ። እማዬ ከቤት ወጡ። ይከለክሉኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን ጭኑ ላይ ዘርግተው ጭንቅላቱን ያዙልኝ። መቀሱ የለመደው ጨርቅ ነው፤ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አለ። ግንባሩ ጋ ስደርስ እማዬ እጄን ያዙኝ።

"ይቺን ቁንጮ ተይለት፣ ልጄ" አሉኝ። "እሷን እንኳን አባቱ ይቁረጣት።"

ምስሩን ሲለቅሙ ሁሉንም ሰምተው እንደነበር ያኔ አወቅሁ። እሺ ብዬ ተውኳት። ቁንጮዋ የእማዬ ናት፤ የእኔ እንዳትመስልህ። መምህርቷንም ስለ እሷ እለምናታለሁ። የተቆረጠውን ፀጉር ጓሮ፣ ሲወለድ አንተ በተከልከው እንሰት ሥር ቀበርነው። ከዚያ የተበላሸውን እንዲያስተካክልልኝ አበራ ጋ ወሰድኩት። "ባለቤቱ መጣ እንዴ?" አለኝ። "መጣች" አልኩት። ዘርአብሩክ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ሲያይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ፤ ቤት እስክንደርስም ከኪሱ አላወጣውም።

ለዚያ ሕፃን ክፉ አልመኝም፤ ምንም አላጠፋም። እግዚአብሔር ያሳድገው። ጫማውን ለናስረዲን መልሼ ሰጥቼዋለሁ፤ ለሕፃኑ ልኩ ይመስለኛል። ሰው አገር ክፉ አይንካህ፣ አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ። እናትህ ትናንትም ሲጸልዩ መጀመሪያ የጠሩት የአንተን ስም ነው።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ሆሳዕና የሚመጣ የታመነ ሰው ስታገኝ ምላጩን ላክልኝ። ዘርአብሩክ ነገ አድጎ ሲወልድ የልጁን ፀጉር የሚላጭበት ይፈልጋል። አንተን ና አላልኩህም፤ ምላጩን ነው ያልኩህ።

የዘርአብሩክ እናት
ትርፌ