ስንዴ የሸጠችው ሴት ምን ለብሳ ነበር

ማክሰኞ

ይሄ ሰውዬ ቅዳሜ ሞጣ ይመጣል አሉ። ደግሞ ምን ሊያደርገን? የባለፈው አይበቃውም?

በፓርላማ የእኛ ተወካይ ነው። ባለፈው ሰሞን ሬዲዮ ላይ ድምፁን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። «በምርጫ ክልሌ የእርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ይህችን ብቻ። ከዚያ ዜናው ወደ ኳስ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌያችን «እስኪጣራ» ተብሎ ከእርዳታ ታገደ። ስንዴው ቀረ ብለን ሳናበቃ የችግረኞቹ ነፃ የጤና መድን ካርድም አብሮ ተያዘ። ስንዴ የሚሸጥ ሰው ችግረኛ አይደለም፣ ከፍሎ ይታከም ነው ነገሩ።

ለራሴ አይደለም የምናደደው። እኔ ጨርቅ ሸጬ አድራለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የምናደደው ጓሮዬ ስላሉት ስለ ባዩሽና ስለ ባሏ ነው። ከዓባይ አፋፍ ናቸው፤ ዝናብ እምቢ ሲላቸው ወደ ሞጣ መጡ፣ የጓሮዋን ክፍል ለቀቅኩላቸው። ባሏ ዳኛቸው ስኳር አለበት፤ ያለ መርፌ አይሆንለትም። ፍሪጅ ከየት ይምጣ? ባዩሽ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ፣ መሀሉን አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን ጠዋት ጠዋት ውኃ እያጠጣች ነው መድኃኒቱን የምታቀዘቅዘው።

ዛሬ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። እኔም አየሁት። ታች ወርዷል፣ ሌላ የለም። ዳኛቸው መርፌውን እየቀነሰ ይወጋል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ውኃ ውኃ ይላል። ብጠይቀው «ደህና ነኝ እትዬ ዘይነብ» አለኝ። ደህና የሆነ ሰው ግድግዳ ይዞ አይቆምም።

ሰውዬው ሐሙስ መጀመሪያ ቢቸና ሕዝብ ያነጋግራል ተብሏል። እሄዳለሁ። እዚያ የሚለውን ሰምቼ እዚህ ከሚለው ጋር አስተያየዋለሁ። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ አይገዛም፣ ገልበጥ ያደርገዋል።

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ይማም ቤት ተሰበሰቡ። ሐጂ አጎቴ ናቸው። ሰፈሩ እስላሙም ክርስቲያኑም ከእሳቸው ቃል አይወጣም። የቅኔ መምህሩ መሪጌታም ነበሩ። እኔ ሻይ ላቀርብ ገብቼ በሩ ሥር ቀረሁ። ማንም ውጪ አላለኝም።

የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ማንም ቢጠይቅ፣ በዚህ ሰፈር ስንዴ የሸጠ ሰው የለም። ሐጂ «ሰደቃ ተቀብሎ ገበያ ማውጣት ነውር ነው። የሞጣ ሰው ምጽዋት ሸጠ አይባልም» አሉ። መሪጌታም «ገመናችንን እቤታችን እንያዝ» አሉ። ቃሉ በዱዓም በጸሎትም ታሰረ። እንግዲህ ይህን ቃል ያጠፈ ሰው ማን ቤት ቡና ይጠራል? ማንስ ለቅሶ ይደርሰዋል?

ደስ አለኝ። ሰውዬው ፊት ለፊት ውሸታም ይባልልን! ሟቹ ባሌ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል ነበር። እኔን አይቶ ነው መሰል የሚለው።

ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካርዱ ሳይያዝ በፊት እንኳ የመንግሥቱ መድኃኒት ቤት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» እያለ ይመልሳቸው ነበር። ታዲያ ባዩሽ በምን ገዛች? ያኔ አልጠየቅኳትም።

አሁንም አልጠየቅኳትም። ተኝታለች ብዬ ነው።

ሐሙስ

ቢቸና ደርሼ ተመለስኩ። ወገቤ የለም። ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት ፀሐይ ላይ ቆምን።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰውዬው ከድምፁ አጠር ያለ ነው። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ሆን ብሎ ያለበሰው ይሆናል አልኩ። ስለ ማዳበሪያ አወራ፣ ስለ መንገድ አወራ። አጨበጨቡ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጄ፣ የስንዴው ነገር ምንድን ነው? በራስህ ሰው ላይ ትናገራለህ?» አሉት። ተወካዩ እንዲህ አለ፦ «ሞጣ ገበያ አንዲት ሴት የእርዳታ ስንዴ ስትሸጥ አየሁ። ተቆጥቼ ተጠጋሁ። ለምን ትሸጫለሽ ብላት ከመቀነቷ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ፈትታ አሳየችኝ። ፓርላማ የተናገርኩት ይህንን ሁሉ ነው፤ ካርድ ሰጥታችሁ መድኃኒት ካላስቀመጣችሁ ሰው እህሉን ሸጦ ይታከማል፣ መድኃኒት ቤቱን ሙሉ አልኩ። ሬዲዮው መጀመሪያውን አሰምቶ መጨረሻውን ተወው።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን ተረት ማን ያጣዋል ብዬ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ እኔም አላውቅ።

«ሴትየዋ ምን ለብሳ ነበር?» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «አረንጓዴ ቀሚስ» አለ፤ «ቀኝ ትከሻዋ ላይ ቢጫ አበባማ ቁራጭ ተጥፎበታል። ዓይኗን ማየት ስላፈርኩ ያንን ሳይ ነው የቆየሁት።»

ተቀመጥኩ። ያ ቢጫ ቁራጭ ከእኔ ሱቅ ነው የወጣው። ቀለሙ ተበላሽቶ የሚገዛው ስላጣ ለባዩሽ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። እሺ፣ አይቷታል። ግን ያንን መጨረሻ የሚለውን በእውነት ተናግሮታል? ማን ሰማ? ደግሞ ቢቸና ላይ መናገር ምን ይከብዳል? ያገዱን ሰዎች የተቀመጡት ሞጣ ነው። እነሱ ፊት ሲቆም እናየዋለን።

ዓርብ

ባዩሽን ገና አሸዋውን ስታጠጣ ያዝኳት። ቢቸና የሰማሁትን ነገርኳት። መጀመሪያ «እኔ እንጃ፣ ሌላ ሴት ትሆናለች» አለች። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቁራጭ በጣቴ ነካሁት። ማሰሮው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ እትዬ። ሰፈሩን ያስራብኩት እኔ ነኝ። ያ ሰውዬ ባያየኝ ኖሮ…»

ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። እኔ ደግሞ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ ሬዲዮ እሰድባለሁ። ጥርጣሬዬ ሩቅ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም ማለት ነው።

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «አጎቴ፣ ሰውዬው ለእኛ ሳይናገር አልቀረም። ነገ አልሸጥንም ካላችሁት እሱም ወደቀ፣ ዳኛቸውም ወደቀ» አልኳቸው።

«ቃል ታስሯል፣ ዘይነብ።»

«የታሰረ ይፈታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ታምኚዋለሽ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። አላምነውም። አለማመኔ ግን ለዳኛቸው መድኃኒት አይሆንም።

ማታ ዳኛቸው እህል አስመለሰው። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ለዓይንም አይሞላ።

ቅዳሜ

ከሞጣው አዳራሽ ገና መግባቴ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ባዩሽ ከጎኔ ተቀመጠች። ሌላ ቀሚስ ልስጥሽ ብላት እምቢ አለች። ያገደን የወረዳው ኃላፊ ከተወካዩ አጠገብ ተቀምጧል፣ እግሩን አነባብሮ።

ተወካዩ ተነሣ። ቃሉን ይለውጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልለወጠም። ቢቸና ያለውን ደገመው፣ እንዲያውም ወደ ኃላፊው ዞሮ፦ «ስንዴው ተሸጧል። የተሸጠው ለመድኃኒት ነው። እገዳው ይነሣ ባልኩ ቁጥር ማስረጃ አምጣ ትሉኛላችሁ። ማስረጃዬ እነዚህ ናቸው። እስቲ ይናገሩ።»

ሐጂ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ክቡርነትዎ ተሳስተዋል። ከዚህ ሰፈር ስንዴ የሸጠ የለም» አሉና ተቀመጡ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ሕዝቡ ራሱ መሰከረ። ካልሸጠ መድኃኒት ያጣም የለም ማለት ነዋ! ታዲያ ምን ቀረን?»

ሽማግሌዎቹ ክብራችንን እናድናለን ብለው የምንታነቅበትን ገመድ በእጃቸው አቀበሉት። የሐጂ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ዘግይቶ ገባቸው።

ያኔ ነው ተወካዩ ባዩሽን ያያት። ዓይኑ ትከሻዋ ላይ፣ ቢጫው ላይ ቆመ። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። አሁን ያወጣታል፣ «ይችውላችሁ» ይላል ብዬ። እሱስ ውሸታም ተብሎ መቅረቱ ነው፤ ማን ቢሆን ያደርገዋል።

ዓይኑን ሰበረ። «የአባቶችን ቃል አከብራለሁ» አለና መነጽሩን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ አመንኩት። ትንሽ ብቻ።

ባዩሽ እጇን ከእጄ አወጣች። ተነሣች።

«የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

«ይማሩኝ ሐጂ። ነውሩን እሸከመዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትሉን የለም? ባሌ እቤት እየደረቀብኝ ነው።»

ከወደ ኋላ አንዲት ሴት «እኔም ሸጫለሁ፣ ለልጄ የስኳር መርፌ» አለች። ከዚያ አንድ ሰውዬ ለደም ግፊቱ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሐጂ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ቆይተው በዚያው ጋቢ ውስጥ ሆነው «ቃሉ ተፈቷል፤ ያለባችሁ ተናገሩ» አሉ።

ኃላፊው የተነሡትን ስም አስጻፈ። ለምን? ለመድኃኒት ወይስ ለክስ? ጠየቅኩት። «ለማጣራት ነው፣ እናቴ» አለኝ። ይህችን «ማጣራት» ከዚህ በፊት አውቃታለሁ።

ሰኞ

እሑድ አልጻፍኩም። ዳኛቸው ብሶበት ነበር።

ያቺ ከኋላ የተነሣችው ሴት ናት የደረሰችልን። ከመስጊዱ ጀርባ ነው የምትኖረው፤ ስንት ዘመን ስንተላለፍ ልጇ ስኳር እንዳለበት አላውቅም ነበር። እሷም የዳኛቸውን አታውቅም። ሁሉም ገመናውን ይዞ ጎን ለጎን ይኖራል። ከልጇ ብልቃጦች አንዱን ቀንሳ አበደረችን። ዛሬ ዳኛቸው ቁጭ ብሎ ገንፎ ቀመሰ።

ሐጂም መጡ። ባዩሽ ልትሸሽ አለች። እሳቸው ግን ማሰሮውን አሳዪኝ አሏት። ጎንበስ ብለው አሸዋውን በጣታቸው ነኩት፣ መርቀዋት ሄዱ።

ተወካዩ ደውሎ ነበር አሉ። ካርዱ ይመለሳል፣ መድኃኒቱም ሐሙስ ይገባል ብሏል። ስንዴው ገና ነው። የተጻፈው ስም የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሐሙስ። እኔ አላምንም። ስንቱን ሐሙስ አይቻለሁ። መኪናው ተበላሸ ይሉናል፣ ፊርማ ቀረ ይሉናል።

ከሰዓት ባዩሽ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች ወደ ጓሮ ሄድኩ። አሸዋው ዳር ዳሩ ደርቋል። ጆጉን ሞልቼ ዙሪያውን አጠጣሁት። ከውስጥ ያለችውን የብድር ብልቃጥ ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርጌ ለሌላ ብልቃጥ ቦታ ለቀቅኩ።