ስለታችንን ይዛ ልታልፍ የነበረችው መርከብ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለወንዴ፣ ጅቡቲ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? ከአንተ ጋር የሚያድረው ልጅስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባዬን ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሆንም ከእርሻው አልቀረም። ሰብሌ ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን ተቃጥሏል። ፊት ለፊት ብንሆን እንደምታውቀው አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር። በወረቀት ይሻለኛል።

በፋሲካ ሰሞን የላክኸው ደብዳቤ ደርሶናል። እንደገና ጀልባ ተሳፍሬ ወደ የመን ልሻገር አስቤአለሁ ያልከውን ለእማዬ ሳነብላት፣ የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች። ያኔ መጀመሪያ ስትሻገር ጀልባችሁ ተገልብጦ መትረፍህ ገና ሳይሰማ፣ ልጄን ከባሕር ብታወጣልኝ ባሕር መካከል ላለው ደብርህ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ለጣናው የደሴት ሚካኤል ተስላ ነበር። አንተ ብትተርፍም እሷ ዛሬ ነገ ስትል ሳታስገባው ቆየች። አሁን ደግሞ የፊተኛው ስለት ሳይገባ ሁለተኛ ባሕር ሊገባብኝ ነው ብላ እህል አልቀምስ አለች። ከወልድያ የከፈይ ጨርቅ አስመጥታ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አሰፋች።

በዚያው ሰሞን ጉዞ አዘጋጅ ነኝ የሚል የሻው የሚባል ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ገበያችን መጣ። እስከ ባሕር ዳር በቅጥቅጥ መኪና፣ ከዚያ ሁለት ቀን በመርከብ ገዳማትን መሳለም፣ ምግብም መኝታም ጭምር፣ ዋጋውም ከሁሉ የረከሰ እያለ ለፈፈ። እማዬ ቀርባ የደሴቱ ሚካኤል ትደርሳላችሁ ወይ አለችው። እንዴታ፣ መጀመሪያ የምንደርሰው እሱ ዘንድ ነው ብሎ ማለላት። አጠገቧ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባዬ ከብቶቹን ጥሎ መሄድ ስለማይችል እኔ ተከተልኳት።

ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባሕር አለ ሲባል ከመስማት በቀር ከወንዝ የበለጠ ውኃ አይቼ አላውቅም። ጣናን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ማዶ የሌለው ውኃ ነው። መርከቧን ሳይ ግን አዘንኩ። ቀለሟ በቀለም ላይ ተለቅልቆ ይረግፋል፤ ብረቷን ዝገት በልቶት በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ወንበሮቿ ከተጣለ አውቶብስ የተነቀሉ ናቸው። አፍንጫዋ ላይ መስቀል ተስሎ ስላየን እኛ የላስታ ሴቶች እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጥረን፣ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ገባን። ወለሉ ናፍጣ የተቀላቀለበት ውኃ ነበር። የሻው አይቶን፣ እናንተ ሰዎች ይቺ መቅደስ መሰለቻችሁ እንዴ፣ ትንሽ ከቆያችሁ ቅዳሴ ግቡ ልትሉኝ ነው ብሎ አሳቀብን። በባዶ እግራችን ናፍጣ ረግጠን እንደቆምን ነው የተሳቀብን።

ከሥር ውኃ ይገባል፤ ሠራተኞቹ በዘይት ቆርቆሮ እየቀዱ ይደፋሉ። ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካናማ ሰደርያ የሻው ከምሮ ትራስ አድርጎታል። ምግብ ጭምር ያለውም ደረቅ ዳቦ ሆነ። የአጥቢያችን ቄስ መምሬ ሰጠኝ ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ አዙሯቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወድቀዋል። እማዬ ይህን ሁሉ ቻለችው። ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላ ማዶ ማዶውን ታያለች።

መርከቧ አንድ ዳርቻ ላይ ስትቆም ደሴቱ መስሎን እልል ብለን ተነሣን። ለካስ ማገዶ ልትጭን ነው። የሻው ለከተማ ነጋዴዎች እንጨት ሊያደርስ ተዋውሎ ኖሯል። ወንበራችን ላይ ሳይቀር እንጨት ተከመረ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነፋስ ተነሣና ውኃው መናወጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የሻው ተነሥቶ፣ መሽቶብናል፣ ማዕበልም ሊመጣ ነው፣ ደሴቱ ጋ አንቆምም፣ ስናልፍ ከሩቁ ተሳለሙ አለ።

እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ፊቱ ቆመች። የወንዶች ገዳም ነውና ሴት ከወደቡ እንደማታልፍ አውቃለሁ፣ አባቶች ወርደው ከእጄ እስኪቀበሉኝ ብቻ ቁሙልኝ፣ የልጄ ሕይወት ነው ብላ ለመነችው። እሱ ምን እንዳላት ታውቃለህ? «እማማ፣ ሚካኤል ክንፍ አለው፤ ከፈለገው መጥቶ ይውሰደው። ካልሆነም እዚሁ ይተዉልኝ፣ ከእንጨቱ ጋር እሸጥልዎታለሁ።» ሰው ሳቀ። የእኛ አገር ሰዎችም አብረው ሳቁ። እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች። ጃንጥላውን ከጀርባዋ አውርዳ እቅፏ ውስጥ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አደረግኩት ለማለት አሁንም ይከብደኛል። በሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ የማልመልሰው እኔ፣ እንጨቱን ተንጠላጥዬ መሪ ወደሚይዙት ሽማግሌ ወደ አቶ አድማሴ ሄድኩ። መርከቧን ሊያስነሡ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገዋል። «አባባ፣ በደብራችን በገነተ ማርያም ገዝቼዎታለሁ፣ ይህን መሪ እንዳይነኩ» አልኳቸው። እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

የሻው እየሮጠ መጥቶ የልጅ ቃል ነው፣ ያዙ ቢላቸው እንቢ አሉ። ረዳታቸውን ና አንተ ንዳ ቢለው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ከፍላቂት የመጣች የሻረግ የምትባል ገብስ ነጋዴ፣ የተገዘተ መሪ የሚነካ ካለ እኔ ከዚሁ ወርጄ በእግሬ ነው አገሬ የምገባው አለች። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። አቶ አድማሴ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ምነው አጥርተሽ ብትገዝችኝ? መሪውን ካልነካሁ ወደ ደሴቱስ በምን ልውሰድሽ?» አሉኝ። ተሳስቻለሁ። ደሴቱን ሳይደርሱ እንዳያልፉ ማለት ሲገባኝ ጨርሶ እንዳይነኩ ብያለሁ። ግዝት ደግሞ የገዘተው ሰው ተጸጸትኩ ቢል አይፈታም፤ ካህን ይፈልጋል። ካህናችን ደግሞ ከጋቢያቸው ሥር ናቸው።

መምሬን ሰው ደግፎ አመጣቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቃሉን አስደገሙኝና፣ ግዝት ጨው ነው ወይ በየወጡ የምትነሰንሺው ብለው በሁሉ ፊት ተቆጡኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ የቆምነው ግን ውኃ ላይ ነው። የሻው ደስ ብሎት በሉ ይፍቱትና እንሂድ አላቸው። መምሬ እንጨቱን አዩ፤ እማዬን አዩ። መስቀላቸውን በአቶ አድማሴ ግንባር ላይ አድርገው «እስከ ደሴቱ ወደብ ድረስ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። የሻው ከዚያስ ወዲያ አላቸው። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ጃንጥላው ሲገባ እንፈታዋለን» ብለው ተመልሰው ተከናነቡ።

አመሻሹ ላይ ደረስን። አንድ አባት ወደ ወደቡ ወርደው ጃንጥላውን ከእማዬ እጅ ተቀበሉና እዚያው ዘረጉት። የክርስትና ስምህን ጠየቋት። እሷን ቀድሜ፣ ገብረ ሚካኤል ነው ብዬ በትልቁ ነገርኳቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የሳቁት ጭምር። መምሬም የቀረውን ግዝት ፈቱት።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገርህ። መምሬ ያለ አቅምሽ ገዝተሻል ብለው ስግደት አዘዙብኝ፤ እሺ ብዬ እየሰገድኩ ነው። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ እንዳትገዝተን እያሉ መንገድ ይለቁልኛል። የሻው ግን ባለፈው ገበያ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ተመልሷል። ስለት የምታደርስ መርከብ፣ የገነተ ማርያሟ ይማርሽ ምስክሬ ናት እያለ በእናታችን ስም ይለፍፋል! የሳቁብን ሰዎች ደግሞ ይመዘገባሉ። አባዬን ሄደህ ተናገረው ስለው፣ ተይ፣ ከአፈኛ ጋር አትግጠሚ አለኝ። እኔ እሰግዳለሁ፤ እሱ ይነግዳል። ይህ ፍርድ ነው?

ከሁሉ በላይ የተናደድኩት ግን በአንተ ነው፤ ታላቄ ነህና ይቅር በለኝ። ያ በሌሊት የሚያሻግራችሁ ሰውዬ ከየሻው በምን ይሻላል? እሱም ሒሳቡን ተቀብሎ የፈለገውን ይጭናል፤ ባሕሩ ሲናወጥም ማንን እንደሚጥል አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። አቶ አድማሴ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ባይሆኑ ኖሮ የእኔ ቃል ምን ያደርግ ነበር? ያንን ሰውዬ በገነተ ማርያም ብትገዝተው የት ያውቃታል? እዚያ ጀልባ ላይ እማዬ የለችም፤ መምሬም የሉም።

ምን ልበለው ብዬ እማዬን ስጠይቃት እየፈተለች ነበር። ቀና ሳትል «ስለቴ ገብቷል። ሌላ አልሳልም በይው» አለችኝ።

አባዬ ጉልበቱን እያሸ ሰላም ይልሃል፤ የወደቡን ሥራህን እንዳትለቅ ብሏል። ሰብሌ በወለቀው ጥርሷ ትስምሃለች። መምሬ ሰጠኝ በመስቀላቸው ባርከውሃል። እማዬ ግን ሰላምታዋን አልሰጠችኝም፤ አንተ እዚህ ደጃፍ ስትቆም ራሷ ትነግርሃለች።

እህትህ ማርያማዊት
ገነተ ማርያም፣ ላስታ
ሰኔ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.