ድንጋዩን ያላወረደ እጅ

ጥቅምት ፲፩፣ ጠዋት። ደ/ብርሃን።
ባና ተከናንቤ መዝገበ ቃላቴን እገልጣለሁ። የዛሬው «ማንሱኢቲዩድ»። ያረጀ የእንግሊዝ ቃል። ሥሩ ላቲን፤ «እጅ» እና «መልመድ»። ትርጉሙ ገርነት፣ የሰው እጅ የለመደ እንስሳ ጠባይ። ጋዜጣችን ከተዘጋ ወዲህ የጣልያኖች አስተርጓሚ ነኝ። እንግሊዝኛ ማንበቤን ካፒቴኑ አያውቅም፤ መጽሐፉ ገብስ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚውለው።

ከሰዓት። ካፒቴኑ ለቅዳሜ ገበያ የሚነበብ አዋጅ እንድተረጉም ሰጠኝ። በአንኮበር ጫካ ያሉት አርበኞች መሣሪያቸውን ይዘው ቢገቡ ምሕረት ያገኛሉ። ቋንቋው ለስላሳ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጥቅምት ፲፪።
ጎረቤቴ መሪጌታ መጡ። ልጃቸው ጫካ ነው። የአዋጁን ወሬ ሰምተው ፊታቸው በርቷል። ልጁ እንደ ይቅርታ ወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይገባል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ አለቀ፣ አሉ። ላጣራ፣ ቆዩ አልኳቸው። ሳቁብኝ።
«አንተ ጋዜጠኛ! ከሁለት አፍ ካልሰማህ እግዜርንም አታምን!»

ጥቅምት ፲፫።
ሁለቱን አፍ አገኘሁ። አንዱ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ። ባለፈው አዋጅ የገቡትን አንኮበር ላይ በዓይኑ አይቷል። ተንበርክከው፣ ድንጋዩ አንገታቸው ላይ እንዳለ ተረሸኑ። «ወላሂ፣ ያወረደላቸው የለም» አለ። ሁለተኛው የቢሮው ዘብ፣ የጣልያን አስካሪ ወታደር፤ ሳልጠይቀው፣ እየሳቀ። ካፒቴኑ ድንጋዩ ለምን እንደሆነ ጠይቆ ሲነገረው፣ ለመቃብራቸው ይሆናቸዋል ብሏል አለኝ።
የዛሬው ቃል «ፐርፊዲ»። ላቲን፤ «በእምነት በኩል»። ክህደት ብዬ ልተረጉመው ነበር፤ አነሰ። ይህ ሰውን በገዛ እምነቱ በር ገብቶ መግደል ነው። ላቲን ተምሬአለሁ የሚለው ካፒቴን ይህን ቃል ሳያውቀው አይቀርም። ይህ ደግሞ ይብስ ያስጠላል።

ጥቅምት ፲፬፣ ንጋት።
ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «እንዴት ያለ ሰው ነው፣ የተሸከመን የማያሳርፍ?» አሉ። ከዚያ የልጁን መደበቂያ ነገሩኝ።
አዋጁን አልተረጉምም። ሌላ አስተርጓሚ አያጡም፤ ቅዳሜ መነበቡ አይቀርም። እኔ ግን ቀድሜ እደርሳለሁ። ጨው ነጋዴው በቅሎዎቹን እየጫነ ነው፤ በአንኮበር በኩል ነው የሚወርደው፤ አብሬው እሄዳለሁ። ለልጁ የምለውም አጭር ነው፦ ድንጋዩን አታንሣ። መሣሪያህን…
ነጋዴው ጠራኝ። ማስታወሻዬ፣ አንተ ገብሱ ውስጥ ጠብቀኝ።